አየሩ አይደለም፣ ጆንያው ነው

እቴናት በ1946 ዓ.ም. የጉምሩክ ዘበኛ ባሏን ተከትላ ከደሴ አሰብ ወረደች። ወደቡ አጠገብ ባለ የቡና መጋዘን ሥራ አገኘች። ሥራዋ የጉሎ ፍሬ ተጭኖባቸው የመጡ አሮጌ ጆንያዎችን ለቡና እንዲሆኑ ገልብጦ ማራገፍና የተቀደደውን መስፋት ነበር። ሲራገፍ በሩ ይዘጋል። የሚዘጋው የጉሎው ትቢያ ወደ ቢሮ እንዳይገባ ነው። የሚዛን ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤ በሩ የተዘጋው ለእኔ ወረቀት ሲባል ነው።

በአራተኛው ወር ዓይኗን ያሳክካት፣ አፍንጫዋ ይፈስ ጀመር። ቆይቶም ደረቷ ሲር ሲር አለ።

አሰብ ላይ ለደገኛ በሽታ ሁሉ አንድ መልስ አለ፤ አየሩ አልተስማማሽም። የክሊኒኩ ድሬሰርም ይህንኑ አላት፤ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው ወሰኔም ደገመው። አብራት የምታራግፈው ሳልሀ ግን ሳቀችባቸው።

«ጋሽ ወሰኔ፣ እኔስ? እዚሁ ባሕሩ ዳር ራሔይታ ተወልጄ የማስነጥሰው ደሴ ናፍቆኝ ነው?»

«አንቺን የሚያስነጥስሽ ምላስሽ ነው።»

«እሺ፣ እሁድ ለምን ይተወናል? እሁድ አየሩን መጋዘን ውስጥ ይቆልፉበታል?»

እቴናት አሰበችበት። እውነትም እሁድ ደህና ናት፤ ሰኞ ገና ሳይረፍድ ይጀምራታል።

«ጋሼ፣ ማራገፉን ይተዉልኝ። ውጭ፣ ዳሱ ሥር ልስፋ» ብላ ወሰኔን ለመነችው።

«ደሴ ሂጂና አየር ቀይሪ» አላት።

ሳልሀ በዚያው ሳምንት ሥራውን ጥላ ወጥታ ዓሣ መሸጥ ያዘች፤ ዛሬ ምንም ሕመም የላትም። እቴናት በጭነት መኪና ደሴ ወጣች። ሁለት ወር ተቀምጣ ድና ተመለሰች። «አላልኩሽም?» ብሎ ወሰኔ እዚያው ትቢያ ውስጥ መለሳት። የዳነችው ከጆንያው ስለራቀች ነበር፤ እነሱ ግን የደሴን ተራራ አመሰገኑ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ወጣች፣ ወረደች። በሦስተኛው ደሴም አላዳናት። አሁን የከሰል ጭስ ትንፋሿን ይዘጋታል፤ አንድ ባልዲ ውሃ ማንሳት ይዘጋታል። በጊዜው ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ ብትወጣ ይበቃት ነበር። ይህን ሁላችንም አይተናል፤ እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ።

ሥራውን ከተወች በኋላ በቦታዋ ሰይዳ የምትባል ልጅ ተቀጠረች። አንድ ጠዋት እቴናት የመጋዘኑ በር ላይ ጠበቀቻት።

«አፍንጫሽን ያሳክክሻል?»

«ትንሽ። አየሩ ነው ብለውኛል።»

እቴናት ክንዷን ይዛ ወሰኔ ፊት አቆመቻት። ለመናገር ትንፋሽ አጠራት። እስኪመለስላት ቆመች፤ እሱም የሚገባበት ጠፍቶት ቆመ።

«ይቺን ዛሬ ውጭ አስቀምጣት» አለች። ከዚያ ቀን በፊት አንተ ብላው አታውቅም። «እኔን ገድለኸኛል። ይቺ ገና ነች።»

ሰይዳ መርፌዋንና ክሯን ይዛ ዳሱ ሥር ሄዳ ተቀመጠች፤ የከለከላትም የለም። እቴናት ሁለት መቶ እርምጃ የማይሞላውን የቤቷን መንገድ አራት ጊዜ አርፋ ጨረሰችው።