እሳቱ ያለፈው ቤት

ልጅ ሳለሁ፣ በሰው ላይ የሚደርሰው ክፉ ነገር ሁሉ ምክንያቱ የታወቀ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ እንዳምን ያደረጉኝ የእናቴ አጎት መሪጌታ ጥሩነህ ናቸው። ከአምበር ፈቀቅ ብላ ባለችው መንደራችን ዜማ ያስተምሩ ነበር። ያኔ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ወደ ቤታችን ጎራ ይሉና፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናቸውን እያስነባቸው ተረት ይነግሩኛል። በተረታቸው ውስጥ ክፉ ሰው ሳይቀጣ፣ ደግ ሰው ሳይካስ የቀረበት ጊዜ አልነበረም። እኔም እሾህ ቢወጋኝ እንኳ «ዛሬ ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያልኩ የዋልኩበትን ሁሉ አስብ ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። እናቴ ከእኔና ክርስትና ከተነሣ ወር እንኳ ካልሞላው ወንድሜ ጋር ቀረች። ከዚያ ወዲያ መንደራችን በሹክሹክታ መኖር ጀመረ። ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ግራ ቀኙን ያያል፤ ገበያ ውሎ የመጣ ሰው ከማን ጋር ቆሞ እንዳወራ ይጠየቃል። እናቴም በየማለዳው ፀጉሬን እየዳበሰች «ያየሽውን አላየሁም በይ፤ የሰማሽውንም አልሰማሁም በይ» ትለኝ ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ጠዋት የጣሊያን ወታደሮች ባንዳዎች እየመሯቸው መጡ። ሰው ሁሉ ወደ ገደሉ ሲሮጥ እኔ ከእናቴ ተነጥዬ ቀረሁና ከወንዙ ዳር ካለ የቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ ሆኜ የቤቶቹ ሣር ክዳን ተራ በተራ ሲነድ አየሁ። የእትዬ አንጓች ቤት ብቻ አልተቃጠለም። እትዬ አንጓች ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅም የሌላቸው፣ ለብቻቸው የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ቤታቸው ለምን እንደቀረ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወታደሮቹ የጭነት በቅሎዎቻቸውን ያሰሩት በእርሳቸው አጥር ላይ ነበር። አንዱ ችቦ ይዞ ሲጠጋ ሌላው፣ በቅሎዎቹ እንዳይደነብሩ ይመስለኛል፣ እየጮኸ መለሰው። ኋላም በችኮላ ፈትተዋቸው ሄዱ።

እናቴን ገደሉ ሥር ካለ ዋሻ ውስጥ አገኘኋት። ሦስት ቀን እዚያው ቆየን። በሁለተኛው ቀን ወንድሜ ማልቀሱን ተወ፤ በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

ስንመለስ ቤት አልነበረንም። መሪጌታም ጎጇቸው ነዶባቸው ስለነበር፣ ብዙዎቻችን በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተጠጋን። እትዬ አንጓች በማግሥቱ በቁና ዱቄት ይዘው መጡ። ማንም እጁን አልዘረጋም። «ጣሊያን የሰጣት ነው» አለ አንዱ፣ እንዲሰሙት አድርጎ። እናቴ እንኳ፣ መራቤን እያወቀች፣ ፊቷን አዞረች። ዱቄቱን ይዘው ተመለሱ።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ፣ ሴቶቹ ፍም ከበው ሲቀመጡ አንዷ «ኃጢአታችን በዝቶ ነው» አለች። እናቴ ወደ መሪጌታ ዞረች።

«እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ያ ሕፃን ምን በድሎ ነው? ኃጢአቱ የእኔ ከሆነ እኔን ለምን አልወሰደኝም? አንጓችስ ቤቷ የተረፈላት ጽድቋ በዝቶ ነው?»

መሪጌታ ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱ። የተቃጠለ ቤት የኃጢአት ምልክት ከሆነ የተረፈው የጽድቅ ምልክት መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ ሰው ግን አልነበረም። የተረፈውን የክህደት ምልክት አደረግነው። እኔም በቅሎዎቹን አስቤ አፌን ልከፍት ስል የእናቴ ምክር ይመጣብኛል፤ ደግሞም ቀኑ እየገፋ ሲሄድ፣ እውነት እትዬ አንጓች ጠርተዋቸው ቢሆንስ እያልኩ የገዛ ዓይኔን መጠርጠር ጀመርኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የእናቴ ታናሽ ወንድም አያሌው ከዱር መጣ። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ «አንጓችን ልወስዳት ነው የመጣሁት፤ አለቆቼ ይጠይቋታል» አለ። እንዲህ ተብሎ የተወሰደ ሰው እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ቀና ሳትል «ውሰዳት» አለች።

እትዬ አንጓች ተጠርተው መጥተው በሩ ሥር ተቀመጡ። 

«እኔ ምን አውቄ? ስመለስ ቤቴን ቆሞ አገኘሁት። እግዚአብሔር ነው ብዬ አመሰገንኩ» አሉ።

ያን ጊዜ መሪጌታ የያዙትን ጧፍ ግድግዳው ላይ ሰኩና ወደ እናቴ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሕፃኑ ለምን እንደሞተ አላውቅም። ይህን ያህል ዘመን አውቃለሁ እያልኩ ተረት ሳወራ ኖሬያለሁና ይቅር በዪኝ። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የምናመልከው ጌታ ያለ ጥፋቱ የተሰቀለ ነው። ‹ቢያጠፋ ነው› ያሉት ሰቃዮቹ ናቸው። እውነቱን እያወቁ ፈርተው ዝም ያሉም ነበሩ። ዛሬ እኛ ከእነዚያ እንዳንሆን እፈራለሁ።»

እኔን አላዩኝም፤ ግን የተናገሩት ለእኔ ብቻ መሰለኝ።

«በቅሎዎቻቸውን አጥሩ ላይ አስረው ነበር» አልኩ። «ለዚያ ነው ያላቃጠሉት። አይቻለሁ።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ አያሌው ጠላቱን እንደሚያይ አየኝ።

«ማን በዪ አለሽ? ዱቄት ሰጥታሻለች?»

«ማንም አላለኝም።»

«ታዲያ እስካሁን አፍሽን ምን ዘጋው?»

እናቴን አየኋት። በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

መሪጌታ ጧፉን አንሥተው «ና እንይ» አሉት። ሁለቱ ሄደው ተመለሱ። «የበቅሎ ፋንድያ በአጥሩ ዙሪያ ደርቆ ተከምሯል፤ እንጨቱም ተግጧል» አሉ መሪጌታ። አያሌው ጠመንጃውን አነገተና «በቅሎ ባንዳ ቤትም ይታሰራል» እያለ አጉረመረመ። ግን ብቻውን ሄደ።

እትዬ አንጓች በሳምንቱ ዘመዶቻቸው ወዳሉበት ወደ መርጡለ ማርያም ለመሄድ ጓዛቸውን አሰሩ። እናቴ መንገድ ላይ ጠበቀቻቸው፤ ግን አንገቷን ደፋች። እርሳቸው ጭንቅላቴን ዳበስ አድርገው «ቤቱ ባዶ ከሚሆን ግቡበት፤ ልጅቷን ብርድ እንዳይመታት» አሏት። ጣሊያን እስኪወጣ እዚያ ኖርን። እናቴ በዚያ ቤት ውስጥ ስማቸውን ስትጠራ አንድም ቀን አልሰማኋትም።

መሪጌታ ከዚያ በኋላም ተረት ይነግሩኝ ነበር፤ ቅጣቱና ካሣው ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ይቀንሳል። እኔም አርጅቼ እንኳ፣ ልቅሶ ቤት ተቀምጬ የሌላውን መከራ ምክንያት ፈጥኖ የሚያስረዳ ሰው ስሰማ፣ ምን ሸሽቶ ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ። ከሁሉ ይልቅ የምጠረጥረው ራሴን ነው። ልጆቼን በየተራ ስቀብር፣ እግዚአብሔርን «ለምን ዝም አልክ?» ልለው ብዙ ጊዜ ቃጥቶኛል። በዚያ ሰዓት ግን እትዬ አንጓች ዱቄታቸውን ይዘው ሲመለሱ አያቸዋለሁ፤ እኔም እዚያው፣ ሁሉን እያወቅሁ፣ አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ።