የሰኞ ስንቅ

ንፋስ መውጫ ከተማ ቤት ተከራይተን ስንማር፣ የሳምንት ስንቃችንን እሑድ እሑድ ከየቤታችን ተሸክመን እንመጣ ነበር። አባቴ በሞተ ዓመት ውጤቴ አሽቆለቆለ። ለምንም የማልረባ መሰለኝና ስለ መሞት ማሰብ ጀመርሁ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልሁም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዳቦዬንም ቆሎዬንም ለግቢው ተማሪዎች አድዬ ጨረስሁ። አከራያችን «እጅሽ ይባረክ» ብለው መረቁኝ። እውነቴን ነው፣ እኔ ራሴ ደግነት መስሎኝ ነበር። አብራኝ የምትኖረው የስማዳ ልጅ ብቻ ድርሻዋን አልቀበልም አለች።

«ልትሞቺ አስበሻል እንዴ?» ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ።

ደሜ ፈላ። ምን አገባት? ግን እንዴት አወቀች? ይኸኛው ጥያቄ ንዴቴን በለጠውና ጠየቅኋት።

«የሳምንት ስንቁን ሰኞ አድሎ የጨረሰ ሰው ማክሰኞን አላሰበም» አለችኝ።

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ ሁሉንም ነገርኋት። ለእናቴ እንድደውል ስልኳን ሰጠችኝ፤ ተናግሬ እስክጨርስም ከአጠገቤ አልተነሳችም።

ከዚያ የራሷን ቆሎ ሰፌድ ላይ ገልብጣ ለሁለት ከፈለችው።

«እስከ እሑድ ያደርሰናል» አለች።