በተንጠለጠለ ኮንቴይነር ጥላ ስር ምሳ

ዛሬ ደወሌ ጉምሩክ ግቢ ውስጥ ስድስት ጫኝና አውራጆች ክሬን ላይ በተንጠለጠለ ኮንቴይነር ጥላ ስር ምንጣፍ አንጥፈው ምሳ ሲበሉ አየሁ።

ኦፕሬተሩ ዕቃውን ሳያወርድ ሞተሩን አጥፍቶ እሱም ምሳ ሄዷል።

ኮንቴይነሩን የያዘው የብረት ገመድ ክሩ እየተበጠሰ እንደ እሾህ መቆሙን ጠዋት ለፎርማናቸው ያሳየሁት እኔው ነኝ። «ኢንሻላህ ይቀየራል» ብሎኝ ነበር።

«ተነሱ!» ብዬ እንደ እብድ ጮህኩ። ለካ ፎርማኑም መሃላቸው ተቀምጧል።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ምን ያስጮህሻል? ጥላው ለሁላችንም ይበቃል፤ ነይ ብዪ» አለኝ።

(እኔ የዕቃ ወረቀት የማስጨርስ ትራንዚተር ነኝ፤ የሬሳ ወረቀት አላውቅም።)

ኦፕሬተሩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲመጣ እፎይ አልኩ። አሁንስ ያስነሳቸዋል፣ ዕቃውንም ያወርደዋል ብዬ።

ፎርማኑ ቀና እንኳን ሳይል፣ «ትንሽ ወደዚህ ጠጋ አድርገው፣ ፀሐዩ ዞረብን» አለው።

ሞተሩን አስነስቶ ጠጋ አደረገው። አናታቸው ላይ እያወዛወዘ!

እነሱ ጉርሻቸውን ቀጠሉ።

እናንተስ፣ ሞት ስር ቁጭ ብሎ «ነይ ብዪ» የሚል አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ እስቲ፣ ብቻዬን አልብገን።