ዜሮም ቁጥር ነው

«ባዶ ከሆነ ምን ያስፈራሃል?» አልኩት።

«ባለቅኔው፣ እኔን የሚያስፈራኝ ባዶነቱ ነው» አለ።

ገና ማለዳ ነበር፤ የእስር ክፍሉ ግድግዳ ግን ከአሁኑ እጅ ያቃጥላል። በአንድ ግጥም የተነሳ ፖሊሶች በስደት ከምኖርበት ሰፈር፣ ከካርቲየ 5፣ ወስደው ሲያስገቡኝ የጠበቀኝ ይህ ሰው፣ ውጭ ሳለ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ።

የምንከራከረው መርማሪው ስላሳየኝ የቃል መስጫ ወረቀት ነው። በፈረንሳይኛ የተተየበ ነው። አናቱ ላይ ስሜ፣ ቀጥሎ «ግጥሙን ያሰራጩ ሰዎች ብዛት» ይልና ክፍት ነው። ከዚያ የፊርማ ቦታ፤ ከሱ በታች እስከ ወረቀቱ ጫፍ ምንም የለም። ፈርም፣ ስሞቹን እኛ እንሞላለን፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ ተብያለሁ።

ግጥሙ በሰው ቤት ተቀጥረው ስለሚያድሩ እህቶቻችን ነበር። በድምፅዋ ቀድታ ያሰራጨችው ከነሱ አንዷ ናት። ስሟ እዚያ ከገባ በመጣችበት ባቡር ወደ አገር ቤት ትባረራለች፤ ያውም ደግ ከዋሉላት።

ጋሼ ጣቱን ውሃ ነክሮ ሲሚንቶው ላይ ሳጥን ሣለ። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ አለኝ፣ መጨረሻው ላይ ርዝመቱ ያልተነገረ የባዶ ቦታዎች ረድፍ ያለው የመረጃ መዋቅር አለ። መዋቅሩን ስትለካው አናቱን ብቻ ይነግርሃል፤ ረድፉ ከምንም አይቆጠርም። ጀማሪ በዚያ ልክ ብቻ ከኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ቦታ ይጠይቅና ረድፉን መሙላት ይጀምራል። ቦታ አልጠየቀለትምና የሚጽፈው የሌላ ይዞታ ላይ ነው። ማሽኑም ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። የገባው ሰው ግን ስንት እንደሚያስገባ አስቀድሞ ይወስናል፤ የአናቱንና የሚገቡትን ልክ ደምሮ በአንዴ ይጠይቃል፤ ብዛቱንም አናቱ ላይ ይመዘግባል።

ሥዕሉ ሳያልቅ ደረቀ። እንደገና ነከረ።

«አንተ ስንት ሰው ልታስገባ ነው?»

«ማንንም።»

«እንግዲያው ቁጥሩን አንተው ጻፈው። ዜሮም ቁጥር ነው።»

ሳይለቁኝ ቢቀሩስ አልኩት። የኔ ሸሚዝ በላብ ጨው ነጥቶ ስለነበር የራሱን አውልቆ ሰጠኝ።

መርማሪው ፊት ሲያቀርቡኝ፣ ጫት ከተማ የሚደርስበት ሰዓት ተቃርቦ ስለነበር ቸኩሏል። አማርኛውን ከገበያ የለመደ ሰው ነው፤ ቶሎ በል አለኝ። ብዛቱ ላይ ዜሮ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥር እስከ ወረቀቱ ጫፍ አንድ መስመር አሰመርኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሰዎቹ ብዛት ነው።»

«መስመሩስ?»

«ከዚያ በኋላ ቦታ የለም።»

ግጥሙን በድምፅዋ የቀዳችው ልጅ ዛሬም እዚሁ ከተማ ናት። ከተፈታሁ ወዲህ ማዕከላዊ ገበያ ሎሚ ስትመርጥ አገኛታለሁ፤ ሰላም እንባባላለን። አልነገርኳትም፤ መንገሩ ውለታ መጠየቅ ይመስለኛል። ያ ዜሮ አድኗት እንደሆነም አላውቅም፤ ሌላ ወረቀት መተየብ ይችሉ ነበር። የማውቀው በኔ ፊርማ ሥር ስሟ እንዳልተጻፈ ብቻ ነው።

መርማሪው ያን ቀን አልጮኸም። ሰዓቱን አየ፤ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «በል እዚሁ ከዜሮህ ጋር ተቀመጥ» አለኝና ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።