አንገቴን ደፍቼ ዋሽንት ስማር

ዛሬ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ አፍ አፋቸውን ሳይ ዋልኩ። ደግሞ "እዪ" ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

ሻኩሃቺ የሚባለውን የጃፓን የቀርከሃ ዋሽንት መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሺፍት ወጥቼ፣ ከምኖርበት ሰፈር ከማርቲንዴል በባቡር ከተማውን አቋርጬ ጃፓናዊው አስተማሪዬ ቤት እሄዳለሁ።

እስከ ዛሬ የወጣልኝ ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ወር ጃፓን ሄጄ ከድሮ ጓደኞቻቸው ልማር ትኬት ቆርጫለሁ። ልጄ "ማሚ፣ ካንስል አድርጊው" ማለት ጀምራለች።

ዛሬ አስተማሪዬ ዋሽንታቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና "ለምንድን ነው ሁልጊዜ ምንጣፉን የምታዪው?" አሉኝ።

"አክብሬዎት ነው" አልኳቸው። ትልቅ ሰው ላይ አይፈጠጥም፤ ያደግኩት እንዲያ ነው።

ሳቁ። "እኔ በቃል አላስተምርም። ትምህርቱ ያለው ከንፈሬ ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንቺ የተማርሽው ከምንጣፉ ነዋ!"

እያፈርኩ ቀና አልኩ። የታችኛው ከንፈራቸው ዋሽንቱ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አየሁና እንደሳቸው አደረግኩ።

ወጣ! ወፍራም፣ ረጅም ድምፅ። እሳቸውም ዋሽንታቸውን አንስተው አብረውኝ ነፉ።

ስወጣ እዚሁ ከተማ ዶቨር ሰፈር ላለችው እናቴ ኮል አድርጌ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ድምፁ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። "ዓይን ዓይናቸውን አየሻቸው?! ምን አሉሽ ታዲያ?"

እናንተስ፣ ለአክብሮት ብላችሁ አንገታችሁን ስትደፉ ያመለጣችሁ ነገር የለም? እማዬ ፌስቡክ የላትም፤ ሳትሳቀቁ ጻፉ።