በኋላ በር የወጣችው ሙሽራ

ሸዋነሽ ወረታ ላይ መሪ ከጨበጡ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ከይፋግ ባሕር ዳር በአሮጌ ፒክአፕ ሩዝ ስታመላልስ ኖራ፣ ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ እሱን ሸጠችና አንዲት ነጭ የቤት መኪና ገዛች። መኪናዋ ቁልፍ አይዞርባትም፣ በጣት ጫን ሲሏት ትነሳለች። በሯም መስኮቷም በኤሌክትሪክ ነው። ከመሪው አጠገብ ካለው ስክሪን አንዲት ሴት ማንም በማያውቀው ቋንቋ ታወራለች።

«ምን ትላለች?» ሲሏት፣

«እንደምን አደርሽ ነው የምትለኝ» ትላለች ሸዋነሽ ኮራ ብላ።

መኪናዋን በገዛች በዓመቱ ግንቦት የወረዳ ሠራተኛው አንዳርጌ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌዋን ልጅ ፀገነትን ሊያገባ ሆነና መኪናዋን ተከራየ። ሙሽሪትን ይዘው ሲመለሱ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ጥቁሩ አፈር ወዲያው ላቆጠ፣ መኪናዋም ቦይ ውስጥ ገብታ ቀረች። ውሃው ከሥር ሲገባ ስክሪኑ ጠፋ፤ በሩም መስኮቱም አልከፈት አለ።

የሙሽሪት አጎት ቄስ ተክለ ሃይማኖት ከኋላ ሲከተሉ ከነበሩት ሚዜዎች ጋር ደርሰው መስታወቱን ደበደቡ።

«ሸዋነሽ፣ አውርጂው እንጂ!»

«እምቢ አለኝ፣ አባ! ማዞሪያ እንኳ የለው!»

«በሩ የሚቆለፈው ለደኅንነታችን ነው» አለ አንዳርጌ፣ ሊያረጋጋ ብሎ።

«ከምን ሊጠብቀን? ከሠርጋችን?» አለች ፀገነት።

ሸዋነሽ በሀፍረት መሬት ብትውጣት በወደደች። ድንገት ግን የኋላው የዕቃ በር ትዝ አላት። መቆለፊያው ከተበላሸ ስለቆየ በሽቦ ነበር ያሰረችው። የኋላውን ወንበር አጥፋ፣ በደረቷ ተስባ ሽቦውን ፈታችው። በሩ ወለል አለ! ፀገነት ቬሎዋን ሰብስባ እየተንፏቀቀች ስትወጣ ቄሱ ጥላ ዘረጉላት። ሚዜዎቹ ወዲያው ግጥም አወጡ፦ «ሙሽራችን ወጣች በጓሮ በኩል!» ከሁሉም ቀድማ የሳቀችው እሷው ሙሽሪት ነበረች። መኪናዋን በሬ ጠምደው ጎተቷት፣ ሠርጉም ሞቅ ብሎ ዋለ።

በሳምንቱ ሸዋነሽ ባሕር ዳር ጋራዥ ሄደች።

«አንዱን መስኮት እንኳ በእጅ የሚዞር አድርግልኝ።»

«ወደ ድሮው ይመለሳሉ እንዴ፣ እትዬ?» አለ መካኒኩ።

«ዘመናዊነቱንማ ወድጄዋለሁ። ግን የሠሩት ሰዎች በቁልፉና በስክሪኑ ሲራቀቁ ውስጡ የሚቀመጠውን ሰው ረሱት።»

ሥራዋ አልቀዘቀዘም። ፀገነትም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንድታደርሳት ያስጠራችው ሸዋነሽን ነው።