በሁዳዴ ያስጠጋኋቸው ዝንቦች

ዜናው ሲደርሰኝ ደናግል እየለየሁ ነበር። የፍራፍሬ ዝንብ ደናግል ማለቴ ነው። ሴቷ ክንፍ እንዳወጣች፣ ወንድ ሳይደርስባት መለየት አለባት። እናም ይቅር ይበለኝና፣ በሁዳዴ ጾም መካከል ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ የማን ክብር እንዳለ፣ የማን እንደሄደ ስመረምር እውላለሁ።

መልእክቱ በስልኬ መጣ፤ በወረርሽኙ ምክንያት የቤተ ሙከራው ሕንፃ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይዘጋል፣ የሚገቡት «አስፈላጊ ሰዎች» ብቻ ናቸው። እኔ የቡድኑ ብቸኛ ጥቁር ተማሪ፣ አስፈላጊ አልነበርኩም። ፕሮፌሰሩ ደወሉና «ድፊያቸው፤ ሲከፈት እንደገና ትጀምሪያለሽ» አሉኝ። ዘሩን ለማጥራት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ቪዛዬ የቀረው አንድ ዓመት ነው። ዝንቦቹ ከሞቱ ዶክትሬቱም አብሮ ሞተ። ቤት ልውሰዳቸው ብዬ ለመንኩ።

«ቦታ ካለሽማ» አሉ፤ እሳቸው የሚኖሩት የፖም ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው።

እንግሊዝ አገር፣ ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር ያለችው ክፍሌ አልጋዬና እኔ ስንገባባት ትሞላለች። ዝንቦቹ ሙቀት ስለሚፈልጉ የቤቱን ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ያለበትን ቁም ሳጥን ከአከራዬ መለመን ነበረብኝ። እትዬ በደርግ ጊዜ የመጡ ሴት ናቸው።

«ሰው ሲሰደድ ሥዕለ አድኅኖ ይይዛል» አሉ ዝንቦቹ ያሉባቸውን ብልቃጦች እያዩ። «አንቺ ዝንብ።»

«ትምህርቴ ናቸው እትዬ።»

«ምን ታደርጊያቸዋለሽ?»

ውሸት አልወድም። «ወንድምና እህት አጋባለሁ። ልጆቻቸውንም እንዲሁ፤ ዘሩ እንዳይቀላቀል።»

ከብልቃጦቹ ራቅ አሉ። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ነን።

«በእኔ ቤት? በሁዳዴ?»

«እነሱ ጾም አያውቁም።»

«አንቺስ ታውቂያለሽ?» ብለው ለንስሐ አባታችን ደወሉ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ነገሩን ከነሰባት ቤቱ አስረዱ። አባ ያን ሰሞን የሚደወልላቸው ለቀብር ብቻ ነበር። ጥቂት አሰቡ።

«ተጠምቀዋል?»

«ዝንቦቹ? ኧረ አባቴ!»

«እንግዲያው የእኛ ሕግ አይመለከታቸውም። ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ።»

እትዬ ቁም ሳጥኑን ለቀቁልኝ፤ በሩ ላይ ግን መስቀል ሰቀሉ።

በየሳምንቱ በስክሪን እንሰበሰባለን። አንዱ ባልደረባዬ ከአባቱ መጻሕፍት ቤት፣ ሌላዋ ባሕር ዳር ካለው የቤተሰቦቿ ቤት። ፕሮፌሰሩ «ጸጥ ብሎ ለመጻፍ መልካም አጋጣሚ ነው» ይሉናል። ከኋላዬ እትዬ በስልክ ያስቀድሳሉ፤ ያመለጠች ዝንብ ካሜራዬ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ስክሪኑ ላይ የነበራችሁ ሁላችሁም አያችኋት፤ ማንም ምንም አላለም። እንግሊዞች ናችሁ።

ሕንፃው ሲከፈት ግማሾቹ ብልቃጦች በሕይወት ነበሩ፤ ተመስገን፣ ዶክትሬቱን ጨረስኩ። ጎረቤታችን በሆነው ቤተ ሙከራ ውስጥ የነበረችው ናይጄሪያዊት ግን ዝንቦቿን እንደታዘዘችው ደፋች። እንደገና ጀመረች፤ ሳትጨርስ ቪዛዋ አለቀና አገሯ ገባች። አሁን በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ስለ «ጽናት» እንድናገር እኔን ትጠሩኛላችሁ። ጽናቱ የቦይለሩ ነው።

እዚያ ስብሰባ ላይ ለነበራችሁ አንድ ልመና አለኝ፤ አማርኛ ባታነቡም የሚያነብላችሁ አይጠፋም። እግዜር አያምጣውና በሩ ዳግም ከተዘጋ፣ ማን አስፈላጊ እንደሆነ ከመወሰናችሁ በፊት እያንዳንዱን ተማሪ የት እንደሚኖር ጠይቁት። መልሱንም እስኪጨርስ ጠብቁ።